የፋስት ቴምፕሌት ጣጣ፦ ዲኮደሩ ኤረር ሳይሰጥ ቁጥሩ ሲበላሽ

የማወራው ስለ ፋስት 1.1 ነው፣ የገበያ ዳታ አጭቆ የሚላክበት ፕሮቶኮል። ቴምፕሌት የምለው መልእክቱ ውስጥ የትኛው ፊልድ በምን ተራ እንደሚመጣ የሚናገረውን የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፣ ዲኮደሩ ባይቱን የሚፈታው በሱ ነው። ፓኬቱ እየደረሰ ነው፣ ኤክስኤምኤሉም ፓርስ ይሆናል ብዬ ነው የምነሳው፤ እነሱን ካላየህ መጀመሪያ እነሱን እይ።

ምልክት፦ ኳንቲቲው (ብዛቱ) ሁሌ በ1 ይበልጣል

ቴምፕሌት ላይ ከሚመጡልኝ ችግሮች አብዛኛው ይሄ ነው። የተላከው 5 ነው አንተ ጋ 6 ይላል፣ ባዶ መሆን የነበረበት 0 ይላል፣ እውነተኛው 0 ደግሞ 1 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው ይሄን ሲያይ ምን ያደርጋል? ኮዱ ውስጥ ይገባና አንድ ይቀንሳል። ኧረ እባካችሁ ተዉ! እንደዛ ካደረጋችሁ ባዶው ማይነስ 1 ሆኖ ይወጣና ሌላ ቦታ ሌላ ችግር ይወልዳል።

ምክንያቱ ቴምፕሌቱ ላይ ፊልዱ ኦፕሽናል (ባዶ ሊሆን የሚችል) ተብሎ አለመጻፉ ነው። ፕረዘንስ የሚለውን አትሪቢዩት ከተውከው ፋስት ዝም ብሎ ማንዳቶሪ (የግድ ዋጋ ያለው) ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ላኪው ግን ኦፕሽናል አድርጎ ነው ኢንኮድ ያደረገው። ኦፕሽናል ኢንቲጀር ላይ ሄክስ 80 የሚለው ባይት ነል (ባዶ) ማለት ነው፣ ለነል ቦታ ለመልቀቅ ከ0 ወደ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ በ1 ይገፋል። ስለዚህ 0 ሲላክ 81፣ 5 ሲላክ 86 ይሆናል። ማንዳቶሪ ላይ ግን 80 ራሱ 0 ነው፣ 86 ደግሞ 6 ነው (ላይኛው ቢት ፊልዱ ማለቁን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም)። ባይቱ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት፣ ኤረር የለም።

ይሄ እንኳን በዓይን ይታያል። የሚያቃጥለው ዋጋው (ፕራይሱ) ላይ ሲሆን ነው። ዴሲማል የሚላከው ኤክስፖነንትና ማንቲሳ ሆኖ ነው (ማንቲሳው በአስር ፓወር ኤክስፖነንት ይባዛል)፣ ኦፕሽናል ሲሆን ነል የሚሆነው ኤክስፖነንቱ ነው፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ደግሞ አይገፋም። ኤክስፖነንቱ ማይነስ 2 ከሆነ ኦፕሽናልም በለው ማንዳቶሪ የሚወጣው ባይት ያው ነው፣ ዋጋው ልክ ሆኖ ይመጣል፣ ቴስቱ ያልፋል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ፕሮዳክሽን ይገባል። ከዛ ዋጋ የሌለው መልእክት ይመጣል። ላኪው 80 ብቻ ይልካል፣ ማንቲሳ የለም፣ ቀጥሎ ኳንቲቲው 86 ይከተላል። ያንተ ዲኮደር 80ን ኤክስፖነንት 0 ብሎ ያነበዋል፣ 86ን ደግሞ ማንቲሳ ብሎ ይበላዋል፣ ዋጋው 6 ሆነ ማለት ነው፣ ኳንቲቲውን ከሚቀጥለው ፊልድ ይወስዳል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ተዛነፈ። ኤክስፖነንቱ እውነተኛ 0 ከሆነ ደግሞ 81 ይመጣል፣ አንተ 1 ብለህ ታነበዋለህ፣ ዋጋው አስር እጥፍ!

አንድ ቡድን በዚህ ምክንያት ፓኬት እየጠፋብን ነው ብሎ ኔትወርክ ካርድ ቀይሯል፣ ስዊቹን ፈትሿል፣ ባፈር አሳድጓል፣ ጭራሽ ላኪው ነው የሚያበላሸው ብሎ ደብዳቤ ጽፏል። የአንድ መልእክት ባይት አውጥተን ስናይ የጎደለው የአንድ ፊልድ ኦፕሽናል ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ ሲኩዌንስ (የሚደጋገሙ ኢንትሪዎች ዝርዝር) ላይ ነበር። 3 ኢንትሪ ያለው ኦፕሽናል ሲኩዌንስ ርዝመቱ 84 ሆኖ ይመጣል፣ ማንዳቶሪ ካልከው 4 ነው ብለህ አራተኛውን ፍለጋ የሚቀጥለውን መልእክት ትገባበታለህ።

ኮንስታንት (ዋጋው ቴምፕሌቱ ላይ የተጻፈ) ፊልድ ላይም ተጠንቀቅ። ማንዳቶሪ ኮንስታንት ፕረዘንስ ማፕ (የትኛው ፊልድ እንደተላከ በቢት የሚያሳየው) ላይ ቢት አይወስድም፣ ኦፕሽናል ኮንስታንት ግን አንድ ይወስዳል። እዚህ ከተሳሳትክ ከሱ በኋላ ያሉት ኮፒ፣ ዲፎልት፣ ኢንክሪመንት ምናምን የሚባሉ ኦፕሬተሮች (ዋጋው ካልተላከ ከየት እንደሚወሰድ የሚናገሩ) ያሏቸው ፊልዶች ሁሉ የጎረቤታቸውን ቢት ያነባሉ።

መፍትሄው፦ ቴምፕሌቱን ከፒዲኤፍ ሰንጠረዥ እያየህ በእጅህ አትጻፍ። ላኪው ያወጣውን ፋይል እንዳለ ውሰድ፣ የማያስፈልግህን ፊልድም አትሰርዝ፣ ፋስት ላይ አላስፈላጊ ፊልድ የሚባል ነገር የለም ምክንያቱም ተራው ነው የሚያስተሳስረው። ከጠረጠርክ ትክክለኛ ዋጋውን የምታውቀውን አንድ መልእክት ያዝና ባይት በባይት በእጅህ ፍታው፣ ላይኛው ቢት 1 የሆነበት ባይት ላይ አንድ ፊልድ ያልቃል። ባይት ቬክተርና ዩኒኮድ ጽሁፍ ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ እነሱ መጀመሪያ ርዝመት ነው የሚልኩት፣ ውስጣቸው ስቶፕ ቢት አትፈልግ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦፕሽናሎቹ በሙሉ ነል የሆኑበት የቴስት መልእክት ይኑርህ፣ በሞላ መልእክት ብቻ ቴስት የሚያደርግ ሰው ምንም ቴስት አላደረገም።

ምልክት፦ ከትክክለኛ መልእክት መሃል የድሮ ሲምቦል ወይም የድሮ ዋጋ ብቅ ይላል

ዲክሽነሪው ነው፣ ዲኮደሩ ያለፉትን ዋጋዎች የሚያስቀምጥበት። ኮፒ፣ ኢንክሪመንትና ዴልታ ያለፈውን ዋጋ ይዘው ነው የሚሰሩት። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ላኪው በየመልእክቱ ወይም በየፓኬቱ ሪሴት ያደርጋል (ዲክሽነሪውን ያጸዳል) አንተ አታደርግም። ሰነዱን አንብብና እሱ በሚያደርግበት ቦታ አድርግ። ሁለተኛው ሰው ሰራሽ ነው፦ ካልተገለጸ በቀር ዲክሽነሪው ግሎባል ነው፣ ቁልፉም የፊልዱ ስም ነው። ስለዚህ ሁለት ቴምፕሌት ላይ አንድ ስም ያላቸው ፊልዶች ያለፈውን ዋጋ ይጋራሉ። ለኮዳችን ይመቸናል ብሎ በአንዱ ላይ ብቻ ስም የቀየረ ሰው መጋራቱን ቆረጠው ማለት ነው። ስም አትንካ! የራስህን ስም ከፈለግክ ዲኮድ ካደረግክ በኋላ ቀይር። በተቃራኒው ስሙ አንድ ሆኖ ታይፑ ከተለያየ ቢያንስ ዲ4 የሚባለው የፋስት ኤረር ይወጣልሃል፣ እሱ እድል ነው።

የቀሩት

ዲ9፦ የቴምፕሌት ቁጥሩ አልታወቀም፤ ፋይልህ አሮጌ ነው፣ አዲሱን አውርድ። ቁጥሩን ሳይቀይሩ ውስጡን የሚቀይሩ ላኪዎች ግን አሉ፣ እነሱ ጋ ዲ9 አትጠብቅ፣ ዝም ብሎ ነው የሚበላሸው።

ዲ5፦ ማንዳቶሪ ፊልድ አልመጣም፣ ያለፈ ዋጋም መነሻ ዋጋም የለውም። ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ስለገባህ ነው።

ሲኩዌንስ ውስጥ ሁለተኛው ኢንትሪ ላይ ሲበላሽ፦ ውስጡ ቢት የሚፈልግ ፊልድ ካለ እያንዳንዱ ኢንትሪ የራሱ ፕረዘንስ ማፕ አለው፣ በቤት የተሰሩ ዲኮደሮች አንዴ ብቻ ያነቡታል።

ባዶ ስትሪንግና ነል ሲቀላቀሉ፦ ኦፕሽናል አስኪ ስትሪንግ ላይ 80 ነል ነው፣ 00 80 ደግሞ ባዶ ስትሪንግ ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ላይብረሪ ከያዝክ ቴምፕሌቱን አትነካካ፣ ላይብረሪውን ቀይር።