ኢንቨርተሩን ከባትሪው አታርቁት

መኪናቸውን ማደሪያ አድርገው በሶላር የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ውኃ ማፍያው እንደተሰካ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር እየጮኸ ይጠፋባቸዋል። መኪናው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት እስኪወጣ ድረስ ዲናሞው የሞላው ባትሪ ደሴ ሲደርስ እንዲህ ከሆነ፣ ባትሪውን ከመለወጣችሁ በፊት ዕቃው እየሠራ በቴስተር ለኩ፤ ባትሪው ላይ 12 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 11 ካሳየ፣ ኃይሉን የሚበላው በመካከል የተዘረጋው ረጅምና ቀጭን ገመድ ነው። እንዲያውም ገመዱ ሲዳሰስ ይሞቃል።

መፍትሔው ኢንቨርተሩን ከባትሪው ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ አስቀምጦ በወፍራም ገመድ ማገናኘትና የቀረውን ርቀት በ220 ቮልቱ መስመር መሸፈን ነው። 600 ዋት የሚፈልግ ዕቃ በ12 ቮልት 50 አምፔር ያህል ሲስብ፣ በ220 ቮልት ግን 3 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በገመዱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ባትሪው ውኃ የሚጨመርበት የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ሁለቱን በአንድ ዝግ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጧቸው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን በኢንቨርተሩ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።