ካምፕ ወጥቶ አንዱን ቀን ዝም ብሎ ለማሳለፍ

ከቤተሰብ ጋር ካምፕ ስንወጣ ቀኑን በፕሮግራም እንሞላዋለን። ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ከሰዓት ዋና፣ ማታ ጨዋታ። ሲመሽ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ እኛም እንኮራረፋለን። ስንት ጊዜ ደርሶብኛል! አሁን ቢያንስ ለአንዱ ቀን ምንም አላቅድም።

ነገሩ የሚጀምረው ድንኳኑ ሲተከል ነው። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ቶሎ ይግላል፣ ማንም አይተኛበትም። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ጥላ የሚጥል ዛፍ ያለበትን ቦታ ምረጡ። ደረቅ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር ግን በጭራሽ።

ጠዋት ማንም ማንንም አይቀስቅስ። ቀድሞ የሚነቃ ልጅ ካለ (ሁሌም አለ) ጫማውንና የሚቀማምሰውን ነገር ማታውኑ አዘጋጁለት። ቢበርድም ቢዘንብም ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይግባ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። ሻዩ ውጭ ይፈላል። የወንዝ ውሃ ለመጠጥ ካስፈለገ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ልጆቹ «ደበረኝ» ማለታቸው አይቀርም። ቶሎ ጨዋታ አትፍጠሩላቸው፣ ስልክም አትስጡ። ባለፈው ትንሹ ልጄ እንዲሁ ሲያማርር ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ሄጄ ሳይ በሆዱ ተኝቶ የዳቦ ፍርፋሪ የሚጎትት ጉንዳን ይከተላል። ፍርፋሪው ከጉንዳኑ ይበልጣል፤ ሣር ላይ ይሰካል፣ ጉንዳኑ ዞሮ ከሌላ በኩል ይስባል። ስጠራው ቀና እንኳን ሳይል በእጁ «ዝም በይ» አለኝ።

አንድ ቦታ ብቻ መዝናናት የለም፤ ውሃ ዳር። ትንንሽ ልጆች ውሃ ውስጥ ካሉ አንድ አዋቂ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስባቸው ርቀት ላይ ይሁን፣ ስልኩን አስቀምጦ። በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ። «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው።

ሥራው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በጨለማ ከተጀመረ ደግሞ ጭቅጭቅ ነው። ሰዓቱን በእጃችሁ ለኩ፦ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁን ከአድማሱ ጀምሮ እስከ ፀሐይዋ ድረስ አግድም ደርድሩ፣ ፀሐይዋን ግን ትኩር ብላችሁ አትዩ። እያንዳንዱ ጣት ፀሐይዋ እስክትጠልቅ የሚቀር በግምት 15 ደቂቃ ነው። ልጆች በጣም ይወዱታል። ስምንት ጣት ሲቀር ተነሱ። እንጨት ይለቀም፣ ራት ይጣድ፣ የላላው ገመድ ይጥበቅ፣ ማንም እንዳይደናቀፍበት ነጭ ጨርቅ ይታሰርበት። ልጆቹን ደግሞ ሳይበርዳቸው ደረቅ ልብስ አልብሷቸው። እርጥብ ካልሲ አድርጎ የተኛ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳችኋል።

ከራት በኋላ ባትሪውን አጥፉት። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያኔ ነው ኮከቡ የሚበዛው። እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ግን አይሆንም፣ ራቅ በሉ።

ከመተኛታችሁ በፊት እሳቱ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ አመዱ ላይ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ ገና ነው፣ ጀሪካኑን አምጡ።