ደብተራችሁን ቤት ጥላችሁ ውጡ፦ ስለ ምርጫ ካርድ ለምታስተምሩ በጎ ፈቃደኞች

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሦስት ልጆች አጠገቤ ተቀመጡ። ብርዱን የናቀ ስስ ቲሸርት ለብሰዋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አዲስ ደብተር ዘርግተው ያሰምራሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ምዝገባ ሲከፈት ገጠር ወጥተው ሰው የምርጫ ካርድ እንዲወስድ ሊያስተምሩ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ አንደኛው ያሰመረውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ካርድ ወስዷል፣ አልወሰደም።"

ምነው ሸዋ!

ይሄን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። የመጀመሪያውን ግን አልረሳውም፤ የሠራሁት እኔው ነኝ።

ስም መጻፍ

2013 መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ የ6ኛው ምርጫ ምዝገባ ተጀምሯል። እኔና ጓደኛዬ ከመንዟ መሀል ሜዳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የምታስኬድ መንደር ደረስን። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት እናት ገብስ ያበጥራሉ። "አረፍ በሉ" ብለው አጎዛ አነጠፉልን። ስለ ብርዱ፣ ስለ በልጉ፣ ስለ በጎቹ አወራን። ካርድ የት እንደሚወሰድ ነገርናቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙን። ጀበናው ተጣደ። ይሄኔ እኔ ብልጡ ደብተሬን አወጣሁ።

"ስምዎን ማን ልበል፣ እማማ?"

ሰፌዱ ቀጥ አለ። "ለምኑ ነው ልጄ?"

"ለሪፖርት ነው።"

ሪፖርት! ከዚህ የባሰ ቃል ፈልጌም አላገኝ። ጀበናው ከእሳቱ ወረደ። "አባወራው የሉም። እሳቸው ሲኖሩ ትመጣላችሁ" አሉ። አባወራው ከጓሮ ሲያስሉ ይሰማናል።

ሁለተኛው ቤት ስንደርስ ዝግ ነው። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ከካቡ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "የማዳበሪያ ዕዳ ናችሁ?" አለን።

ሰዉ ፈሪ ሆኖ አይደለም። ስሙ ተጽፎ ያተረፈበት ቀን ትዝ ስለማይለው ነው። ለግብር ተጽፏል። ለመዋጮ ተጽፏል። ለማዳበሪያ ብድር ተጽፏል። "አንድ ለአምስት" ሲባል ተጽፏል። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ደግሞ ብዕር የያዘ እንግዳ ሲመጣ አንድም ሊያስገባ፣ አንድም ሊያስወጣ ነው። እናንተ ለበጎ ብላችሁ ነው የመጣችሁት፤ እሱ ግን ይሄን በምን ያውቃል? የሚያየው እስክሪብቶውን ነው።

በዚያ ላይ መመዝገብ የእናንተ ሥራ አይደለም። የሚመዘግበው በምርጫ ጣቢያው የተቀመጠው አስፈጻሚ ነው። መዝገቡም አንድ ነው፤ እሱም የምርጫ ቦርድ ነው። የእናንተ ደብተር ሁለተኛ መዝገብ ይሆናል። "አልወሰደም" የምትሉት ዓምድ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ካርድ መውሰድ መብት ነው። አለመውሰድም ወንጀል አይደለም። ያልወሰዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ዛሬ እናንተ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ማናችሁም አታውቁም። ታክሲ ላይ ልትረሱት ትችላላችሁ። አንድ "የሚመለከተኝ አካል ነኝ" ባይ አምጡ ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ያቺ አጎዛ ያነጠፈችላችሁ እናት ምን በወጣት?

"የላከን ድርጅት ቁጥር ይፈልጋል እኮ" ትሉኛላችሁ። ይፈልጋል። እንግዲያው ቤት ቁጠሩ እንጂ ስም አትጻፉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ኪሴ ውስጥ ባቄላ ይዤ ነው የምወጣው። አንድ ቤት ሳናግር አንድ ባቄላ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ። ማታ ቆጥሬ ሪፖርቴን እሞላለሁ። የቆላሁት ባቄላ ስለነበር አንዴ መንገድ ላይ ርቦኝ ጥቂቱን ቆርጥሜዋለሁ፤ የዚያ ቀን ሪፖርት ላይ ጥቂት ቤቶች ጎድለዋል። ይጉደሉ።

ካርድን ከማዳበሪያ ጋር ማያያዝ

አንድ በጎ ፈቃደኛ ሰው እምቢ ሲለው ጨነቀውና "ካርድ የሌለው ወደፊት ማዳበሪያ ላያገኝ ይችላል" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ውሸት ነው፤ ማስፈራራትም ነው። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ካርድ ቢወስድ እንኳ እኔ እንደ ሽንፈት ነው የምቆጥረው።

የዚህ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሊቀመንበሩን ከፊት አስቀድሞ መዞር ነው። ለቀበሌው አሳውቁ፤ ደንብ ነው። ባጃችሁንም አሳዩ። የመራጮች ትምህርት የሚሰጠው ከቦርዱ ፈቃድ ባገኘ ድርጅት ሥር ሆኖ ነውና ወረቀታችሁ ከእጃችሁ አይጥፋ። ግን ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሻ አስከትላችሁ "በነፃ ፈቃድዎ ይመዝገቡ" ብትሉ ማን ያምናችኋል?

"ቅስቀሳ ላይ ነን" ማለት

ቅስቀሳ የፓርቲ ነው። ሰው ቃሉን ሲሰማ "የማን ናችሁ?" ነው የሚለው። "ስለ ካርድ ልናስተምር መጣን" በሉ፣ በቃ። የፓርቲ መኪና ላይ አትሳፈሩ፤ ዝናብ ቢሆንም፣ ቢያዝኑላችሁም።

እዚህ ላይ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። አንዱ ጓደኛችን ሁለት ድምፅ መስጫ ወረቀት እንዳለ ያስረዳል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። "ሁለት ነው!" ብሎ ሁለት ጣቱን ከፍ አደረገ። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው "ቅንጅት ተመልሶ መጣ እንዴ?" አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ በ1997 ገና ሕፃን ነበር፤ ሁለት ጣት በዚያ ዓመት ምርጫ የተወዳደረው የቅንጅት ፓርቲ ምልክት እንደነበረ ከየት ይወቀው? ሽማግሌው ግን አልረሱም። እኛ ከዚያ ወዲህ ሁለት ለማለት ሁለት ማንኪያ ነው የምናነሣው። ለመለማመጃ የምትሥሉት ምልክትም እንዲሁ ነው። በሬውም፣ ማሽላውም፣ መብራቱም አንድ ቀን የሆነ ፓርቲ ምልክት ሆኖ ይመጣባችኋል። እኛ "ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን" ብለን በፊደል ጽፈን እናስመርጣለን። በጾም ሰሞን ምስር ጨምሩ የሚሉም አሉ።

አባወራውን አናግሮ መመለስ

አንድ ምዝገባ ጣቢያ ደጅ ቆሜ ነበር። አንድ ሰውዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ከኮታቸው ኪስ ፌስታል አወጡ። ፌስታሉ ሲፈታ አምስት የቀበሌ መታወቂያ፤ የራሳቸው፣ የባለቤታቸው፣ የሁለት ልጆቻቸው፣ የእናታቸው። "የቤቱን ካርድ ስጡኝ" አሉ። መዝጋቢዋ በትሕትና ሁሉም ራሱ መምጣት እንዳለበት ነገረቻቸው። ሰውዬው ተቆጡ። "በጎ ፈቃደኞቹ ለቤታችሁ ካርድ ውሰዱ ብለውን የለም እንዴ?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። እንደዚያ ብለናል። እኛ ያናገርነው እሳቸውን ብቻ ነዋ። እያንዳንዱ ሰው የሚመዘገበው ራሱ ነው፤ የሚስት ካርድ በባል እጅ አይወጣም። ስለዚህ ሴቶቹ ያሉበት ሂዱ። ወፍጮ ቤት ሂዱ። ወፍጮ ቤት ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው፣ ጨዋታ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲጮህ ትንሽ መጮህ ነው። ምንጭ ዳርም ጥሩ ነው፤ ግን እንስራ የያዘች ሴት ላይ ንግግር አታስረዝሙ።

ዕድሜና ስድስት ወር

18 ዓመት የሚቆጠረው በምዝገባው ቀን ነው፤ በድምፅ መስጫው ቀን አይደለም። "እስከ ምርጫው ይሞላልሃል" ብላችሁ ልጅ አትላኩ። በሚሊኒየሙ በ2000 የተወለዱት ልጆች ለዚህ ደርሰዋል፤ እኔ አሁንም እንደ ሕፃን ነው የማያቸው። ሌላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ይሄ ደብረ ብርሃን ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ፋብሪካ ሊሠራ የመጣው፣ ቤት የተከራየው፣ ከቤቱ የተፈናቀለው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሁሉ መታወቂያው ከሌላ ቦታ ነው። ሕጉ፣ ማለትም አዋጅ 1162/2011፣ ለተማሪና ለተፈናቃይ ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲኖር ይፈቅዳል። ከአፋችሁ ግምት ከማውጣታችሁ በፊት ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጊዜ አለማወቅ

በ2013 ምዝገባው ከሁዳዴ ጋር ገጠመ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነበር። እኛ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ጠራን። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ፊት ቆመን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሽማግሌዎቹ በጨዋነት ነው የቻሉን። በታች በኩል፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳን ላይ ነበሩ። እነሱም ቻሉን። ድምፅ መስጫው ሰኔ 14 ሰኞ ሲውል ደግሞ የሐዋርያት ጾም መግቢያ ሆነ።

የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ዕቅድ አውጡ። ደጋው በልግ ላይ ሲሆን ጠዋት ማሳ ላይ ነው፤ ለቅሶ ያለበት መንደር አይሄድም። ሚካኤል ወይም ማርያም በዋለ ቀን ሰው እርፍ ስለማይነካ ቤቱ ታገኙታላችሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ስለ ምርጫ አትስበኩ። ከቅጥሩ ውጭ ዋርካ አይጠፋም።

መንገዱ ሰላም ካልሆነ አትሂዱ። ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም።

"ይራዘማል"

በ2013 የምዝገባው ቀን ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ነቢይ ሆኗል፤ "ይራዘማል፣ ምን አስቸኮለህ?" ይላል። ይራዘማል ብላችሁ አትናገሩ። አንድ ጣቢያ ከ1,500 ሰው በላይ አይመዘግብም፤ የመጨረሻው ቀን ሰልፍም ለሽማግሌ አይሆንም።

የዎርክሾፕ አማርኛ

"የባለድርሻ አካላትን ንቁ ተሳትፎ በማጎልበት..." ተው እንጂ ወንድሜ። ሆቴል ውስጥ የሰማኸውን እዚያው ተወው።

ሰዉ ምርጫ ምን እንደሆነ ከእናንተ በፊት ያውቃል። እድሩን ተመልከቱ። የእድር ዳኛ ይመርጣል። ገንዘብ ያዡን ሒሳብ ያስመረምራል። ያልጣመውን ያወርዳል፤ ሲያወርድም ይሉኝታ አይዘውም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬት ስንት መቶ ዓመት በራሱ ደንብ ጠብቆ ያቆየ ነው፤ ሣሩ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን አለቃ ይመርጥ ነበር። ከዚያ ጀምሩ። "እድራችሁ ዳኛው አላስደሰታችሁም እንበል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ እናንተ ዝም ብላችሁ ታዳምጣላችሁ፤ ትምህርቱን ራሳቸው ይሰጡታል።

ካርድ ካስወሰዱ በኋላ መጥፋት

ምዝገባው ሲያልቅ የመራጮች መዝገብ ሰው እንዲያየው ይፋ ይደረጋል። ስሜ ተዘሏል፣ የማይገባው ሰው ገብቷል የሚል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ይሄን ቀን ግን ሰው አይሄድም፤ በጎ ፈቃደኛውም ፎቶውን ተነሥቶ ወደ ቤቱ ገብቷል። እባካችሁ ቆዩ። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው። አንዲት ሴት ስሜ የለም ብላ ስታለቅስ አብሬያት ፈልጌ ያገኘሁት ታች ነው፤ "ፀሐይ" ብላ የምትጽፈው ስሟ በ"ጸ" ተጽፎ።

ካርዱንም የት እንደሚያስቀምጡት ንገሯቸው። ጋቢ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ካርድ ከጋቢው ጋር ሲታጠብ አይቻለሁ። በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ግብር ደረሰኙ ጋር።

እና አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በዚያ በ2013 ወር ሙሉ የሰው መንደር ስዞር አንድ ገበሬ "አንተስ ካርድህን እስቲ አሳየን" አሉኝ። ኪሴን ዳበስኩ። ባቄላ ብቻ ነው ያለው። አልወሰድኩም ነበር።

ለዚህ ነው ሻይ ቤቱ ውስጥ ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ ልጆቹን ስለ ደብተሩ ምንም ሳልላቸው አንድ ነገር ብቻ የጠየቅኋቸው፦ "መታወቂያችሁ የየት ነው?"

ሦስቱም ተያዩ። "የኔ የእንሳሮ ነው" አለ አንደኛው። ሁለተኛው "የኔ ጊዜው አልፏል" አለ። ሦስተኛዋ ደብተሯን ዘጋች።