ፍሎሪዳ ውስጥ በሐራጅ የተሸጠ ቤትና የደንብ ቅጣት ዕዳው

አገር ቤት ቤት የገዛ ሰው «ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ» የሚለውን ሐረግ በደንብ ያውቀዋል። ውልና ማስረጃ ዘንድ ከመፈራረም በፊት ቤቱ ዕዳ ወይም ዕገዳ እንዳለበት ይጣራል፤ ካለበት ውሉ አይጸድቅም። ፍሎሪዳ ላይ ባንክ ባልተከፈለ ብድር ከስሶ በፍርድ ቤት ሐራጅ ለሚሸጠው ቤት እንዲህ ያለ ዘበኛ የለም። ጨረታውን ያሸነፈ ሰው 5 በመቶ ያስይዛል፣ ቀሪውን ይከፍላል፣ ተቃውሞ ካልቀረበ ከ10 ቀን በኋላ የባለቤትነት ሰርተፍኬቱ ይወጣለታል። ቤቱ ምን ተሸክሞ እንደመጣ የሚነግረው የለም። ከሜሪላንድ ወይም ከአትላንታ ሆኖ የእቁብ ብር ይዞ በኦንላይን ጨረታ ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ የምናየው አንድ ዓይነት ዕዳ ብቻ ነው፦ ከተማው ወይም ካውንቲው በደንብ ጥሰት ምክንያት ቤቱ ላይ ያስመዘገበው ቅጣት፣ ኮድ ኢንፎርስመንት ሊን የሚባለው። የአዲስ አበባን ደንብ ማስከበር ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳው ነገር ቅጣቱ እንደ ታክሲ ቆጣሪ በየቀኑ መቁጠሩ ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ምዕራፍ 162 መሠረት ለመጀመሪያ ጥፋት በቀን እስከ 250 ዶላር፣ ለተደጋጋሚ ጥፋት በቀን እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። 50,000 ሕዝብና ከዚያ በላይ ያላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች በራሳቸው ደንብ ይህን እስከ 1,000 እና እስከ 5,000 ዶላር ሊያሳድጉት ይችላሉ። ተደጋጋሚ የሚባለው ያው ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ያንኑ ደንብ ከጣሰ ነው፤ ቤቱ ሌላ ቢሆንም ይቆጠርበታል። ሁለት ሦስት ቤት ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ጥፋቶቹ ራሳቸው ለአዲስ መጤ ቀልድ ይመስላሉ። ሳር ከተፈቀደው በላይ መርዘሙ፣ የመዋኛ ገንዳው ውኃ አረንጓዴ መሆኑ፣ ጣሪያው ላይ ሸራ መክረሙ፣ ጋራዡ ያለ ፈቃድ መኝታ ቤት መደረጉ። በፓልም ቢች ካውንቲ ላንታና በምትባል ትንሽ ከተማ የአንድ ቤተሰብ መኪኖች ጎማቸው ከሲሚንቶው ወጥቶ ሳሩን በመንካቱ በቀን 250 ዶላር ለ407 ቀን ተቆጥሮ 101,750 ዶላር ደረሰ። የመኪና መግቢያው ሲሚንቶ ስለተሰነጠቀ በቀን 75 ዶላር ለ215 ቀን፣ ማዕበል ለጣለው አጥር በቀን 125 ዶላር ለ379 ቀን ተጨመረበት። ድምሩ 165,250 ዶላር። የቤቱ ባለቤት በከተማዋ ላይ በመሠረተችው ክስ እንዳለችው የመኪናውን ጉዳይ አስተካክላ ኢንስፔክተር እንዲመጣ ደውላ ነበር፤ የመጣ ሰው ግን አልነበረም፣ ቆጣሪውም አልቆመም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ቅጣቱን የሚያቆመው ጥገናው አይደለም፤ ጥገናው መጠናቀቁን ኢንስፔክተሩ አይቶ መመዝገቡ ነው።

ሊኑ አለ ወይስ ሞቷል?

ከተማው ቅጣቱን እንዲቀንስልዎ ስለመጠየቅ ከማሰብዎ በፊት የሚቀነስ ዕዳ መኖሩን ያረጋግጡ። በሕግ ለጠፋ ሊን ተደራድረው የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። መታየት ያለባቸው ቀኖች ሦስት ናቸው፦ ሞርጌጁ (የቤቱ ብድር መያዣ) የተመዘገበበት፣ ሊኑ የተመዘገበበት፣ እና ባንኩ ክስ መጀመሩን የሚያሳውቀው ሊስ ፔንደንስ የተመዘገበበት ቀን።

ሞርጌጁ ከሊኑ ቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነና ባንኩ ሲከስ ከተማውንም በተከሳሽነት ከጠራ፣ ሐራጁ ሊኑን ያጠፋዋል። ከተሞች በራሳቸው ደንብ «የእኛ ሊን ከሁሉም ይቀድማል» ይሉ ነበር፤ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በፓልም ቤይ ከተማና በዌልስ ፋርጎ ባንክ ጉዳይ ይህ ከክልሉ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ውድቅ አድርጎታል። ባንኩ ግን ከተማውን ረስቶ ሳይከስ ከቀረ ሊኑ እንደቆመ ይቀራል። ይህ መርሳት ያልተለመደ እንዳይመስልዎ።

ከሊስ ፔንደንሱ በኋላ የተመዘገበ ሊንም በአብዛኛው ይጠፋል። በ2017 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ከፍርዱ በኋላ ሐራጁ እስኪካሄድ ባለው ጊዜ የተመዘገቡ ሊኖች አይጠፉም ብሎ ገዢዎችን አስደንግጦ ነበር፤ በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ ጥበቃው ባለቤትነት የሚተላለፍበት ሰነድ እስኪመዘገብ እንዲዘልቅ ተደረገ።

ቤቱ የተሸጠው በባንክ ክስ ሳይሆን ባልተከፈለ የንብረት ግብር ከሆነ፣ ማለትም በታክስ ዲድ ጨረታ ከሆነ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ሞርጌጁ ይጠፋል፣ የከተማውና የካውንቲው ሊን ግን ይተርፋል። ታክስ ዲድ ርካሽ የሚመስልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በቤት ባለቤቶች ማኅበር ክስ የተሸጠ ቤት ደግሞ የባንኩን ሞርጌጅ እንዳለ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሳር ቅጣት ትንሹ ችግርዎ ነው።

ሊኑ ሞቷል ብለው ካመኑ የፍርዱን ግልባጭ፣ የባለቤትነት ሰርተፍኬቱንና ከተማው በተከሳሽነት የተጠራበትን ገጽ አያይዘው ለከተማው ጠበቃ ቢሮ ይላኩና የመልቀቂያ ሰነድ ይጠይቁ። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ የሚጠፋው ገንዘቡ ነው እንጂ ጥፋቱ አይደለም። ጋራዡ አሁንም ያለ ፈቃድ መኝታ ቤት ከሆነ ከተማው በእርስዎ ስም አዲስ ፋይል ይከፍታል።

ፍለጋው በሁለት ቦታ ነው። በካውንቲው ክለርክ (የመዝገብ ጽሕፈት ቤት) ድረ ገጽ የተመዘገቡ ሰነዶችን ይፈልጉ፤ በቤቱ አድራሻ ብቻ ሳይሆን በቀድሞ ባለቤቶች ስም ጭምር። ምክንያቱም ሊኑ ጥፋቱ በተፈጸመበት ቤት ላይ ብቻ ሳይሆን በጥፋተኛው ሌላ ንብረት ላይም ይጣበቃል። ከዚያ ከከተማው ሚዩኒሲፓል ሊን ሰርች የሚባለውን ይጠይቁ። ገና ያልተመዘገበ ጥሰት፣ ያልተዘጋ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ)ና ያልተከፈለ የውኃ ቢል የሚወጣው በዚህ ነው፤ የተለመደው የታይትል ኢንሹራንስ (የባለቤትነት መድን) ያልተመዘገበን ነገር አይሸፍንም። ከሻጭ፣ ለምሳሌ ከባንኩ ከራሱ የሚገዙ ከሆነ፣ የደንብ ክስ ያለበት ባለቤት ለገዢው በጽሑፍ የማሳወቅና ሰነዶቹን የማስረከብ ግዴታ እንዳለበት ይወቁና ክሎዚንግ (የሽያጩ መፈራረሚያ) ሳይደርስ ይጠይቁት።

ቆጣሪውን ማቆም

ከተሞች ቆጣሪው እየሄደ ስለ ቅነሳ ማውራት አይፈልጉም። መጀመሪያ የውሳኔውን ግልባጭ ያግኙና የተጠቀሱትን ጥሰቶች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። አንድ ፋይል ውስጥ አምስት ጥሰት ካለ አራቱን ማስተካከል ቅጣቱን ላያቆመው ይችላል። ጥሰቱ ነበር አልነበረም ብሎ መከራከር ጊዜው አልፏል፤ የተመዘገበ ውሳኔ ቀጣዩን ባለቤትም ይይዛል፣ የይግባኝ ጊዜውም ከውሳኔው በኋላ 30 ቀን ብቻ ነበር።

ሳር፣ ቆሻሻና ቀለም የሳምንት ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ፈቃድ የሚያስፈልገው ጥሰት ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራን ነገር ወይ ማፍረስ ነው፣ ወይ ከሥራው በኋላ ፈቃድ ማውጣት፤ ለማፍረስም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። የቤት ባለቤት ራሱ ፈቃድ አውጥቶ ሊሠራ የሚችለው ራሱ ለሚኖርበት ቤት ነው። ሥራው ካለቀ በ1 ዓመት ውስጥ ከሸጡት ወይም ካከራዩት ሕጉ ከመጀመሪያውም ለሽያጭ ወይም ለኪራይ ነበር ብሎ ይገምታል። ስለዚህ አድሶ ለመሸጥ የገዛ ሰው ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ይቅጠር። ዘመድ ሠርቶልኝ ነው ማለት ሌላ ጥሰት መጨመር ነው።

ሥራው ባለቀ ቀን ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ያንሱ፤ ኢንስፔክሽን እንዲደረግ በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ይጠይቁ፣ የኬዝ ቁጥሩንም ይጻፉ። ስልክ ምስክር አይሆንም። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ በዚያው ኢሜይል ላይ እንደገና ይጻፉ። የሚጠብቁት ወረቀት አፊዴቪት ኦፍ ኮምፕላያንስ ይባላል፤ ላዩ ላይ ያለው ቀን ቅጣቱ የቆመበት ቀን ነው። ኢንስፔክተሩ ዘግይቶ መጥቶ የመጣበትን ቀን ከጻፈ ፎቶዎን፣ ደረሰኝዎንና ኢሜይልዎን አቅርበው ሥራው ያለቀበት ቀን እንዲጻፍ ይጠይቁ። የሃያ ቀን ልዩነት በ250 ዶላር 5,000 ዶላር ነው።

ማመልከቻው

ቅነሳውን ማን እንደሚወስን ይጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ደንብ አስከባሪ ቦርድ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ስፔሻል ማጂስትሬት የሚባል ጠበቃ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ራሱ። ፎርሙና የማመልከቻ ክፍያው ከከተማ ከተማ ይለያያል። ብዙዎቹ የንብረት ግብር መከፈሉን፣ በዚያው ከተማ ያሉ ሌሎች ቤቶችዎም ጥሰት እንደሌለባቸው አስቀድመው ያያሉ።

ሕጉ ቅጣት ሲወሰን እንዲታዩ የሚላቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የጥሰቱ ክብደት፣ ለማስተካከል የተደረገው ጥረት፣ የቀድሞ ጥሰቶች። ማመልከቻዎ ለእነዚህ መልስ ይስጥ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አንድ ገጽ ላይ የተሠራ የቀን ሂሳብ ነው። እንበል ቅጣቱ በቀን 250 ዶላር ለ600 ቀን ቆጥሮ 150,000 ዶላር ሆኗል። 400ው ቀን ቤቱን ጥሎ የሄደው ባለቤት ነው፣ 120ው የባንኩ ነው፣ 80ው የእርስዎ ነው። ከእርስዎ 80 ቀን 12ቱ ኮንትራክተር ለመቅጠር ሄደ፣ 40ው ከተማው ራሱ ፕላኑን ሲመረምር ያለፈ ነው። በእርስዎ እጅ የባከነው 28 ቀን፣ ማለትም 7,000 ዶላር ነው። «እባካችሁ ቀንሱልኝ» ከማለት ይልቅ ይህን ገጽ ማስቀመጥ ይሻላል። ከተማው ለሳር ማጨጃና መስኮት ለማሸግ ከኪሱ ያወጣውን ወጪ ግን እንዲቀነስ አይጠይቁ፤ ሙሉውን እከፍላለሁ ብለው ቢጀምሩ ቀሪውን ለማስቀነስ ይረዳዎታል።

ከሂሳቡ ጋር የባለቤትነት ሰነድዎን፣ የበፊትና የኋላ ፎቶዎችን፣ የተዘጉ ፈቃዶችን፣ ደረሰኞችንና የኮምፕላያንስ ወረቀቱን ያያይዙ። ወጪዎ በደረሰኝ ይደመር፤ ያለ ደረሰኝ በእጅ የከፈሉት ብር እዚያ ክፍል ውስጥ የለም።

በችሎቱ ላይ «አላውቅም ነበር» ማለት ብዙ አይረዳም፤ የተመዘገበን ነገር ገዢ እንደሚያውቅ ይቆጠራል። ሊኑን አውቀው ቤቱን በርካሽ ከገዙት ደግሞ ይጠይቁዎታል፣ አይዋሹ። እንግሊዝኛዎ ካልደፈረ አስተርጓሚ ከቀኑ አስቀድመው ይጠይቁ ወይም ይዘው ይምጡ። በቦታው መገኘት የማይችል ሰው ለዘመድ ውክልና ሲሰጥ የፍሎሪዳ ሕግ ሁለት ምስክርና ኖተሪ እንደሚፈልግ ያስታውስ። ከሚቀነሰው ገንዘብ በመቶ እየወሰዱ የሚያስቀንሱ ደላሎችን በተመለከተ፣ ሊኑ ይኑር ይሙት የሚለው ጥያቄ ካለ ገንዘብዎን ለጠበቃ ይስጡ፤ ፎርም መሙላት ብቻ ከሆነ ራስዎ ይሙሉት።

ሊኑ ሆምስቴድ በሆነ፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበትና ሕግ በሚጠብቀው መኖሪያ ቤት ላይ ከሆነ ከተማው በዚያ ሊን ቤቱን ከስሶ ማሸጥ አይችልም። ሌላ ቤት ላይ ግን ከተመዘገበ 3 ወር ካለፈና ካልተከፈለ ሊከስ ይችላል። ሊኑ እስከ 20 ዓመት ይቆያል።

ከተቀነሰ በኋላ

የቅነሳው ውሳኔ የመክፈያ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ብዙ ጊዜ ሙሉው ዕዳ ይመለሳል፣ ስለዚህ ከችሎቱ በፊት ገንዘቡ በባንክ ይኑር። የአሜሪካን ቀን አጻጻፍም ይጠንቀቁ፦ 03/04 ማርች 4 ነው እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም።

ቤቱን ከሌላ ስቴት የሚያስተዳድሩ ከሆነ የፖስታ አድራሻዎን በካውንቲው የታክስ ሰብሳቢና የንብረት ገማች ቢሮ ያስቀይሩ። ከተማው ማስጠንቀቂያ በአደራ ደብዳቤ የሚልከው እዚያ ወዳለው አድራሻ ነው። አድራሻው ባዶው ቤት ከሆነ ደብዳቤው ባዶው ቤት ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል፣ ቅጣቱም ይጀምራል።

ከከፈሉ በኋላ ደረሰኝ ብቻ ይዘው አይሂዱ። ከተማው ሪሊስ ኦፍ ሊን የሚባለውን ፈርሞ በክለርኩ መዝገብ ማስገባት አለበት፤ አንዳንድ ከተማ ሰነዱን ለእርስዎ ይሰጥና ማስመዝገቡን ለእርስዎ ይተወዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድረ ገጹ ላይ ገብተው ያውጡት። በላዩ የተጠቀሰው የኬዝ ቁጥር፣ የመዝገብ መጽሐፍና የገጽ ቁጥር ከመጀመሪያው ሊን ጋር አንድ መሆናቸውን በጣትዎ እየተከተሉ ያመሳክሩ፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ቤቱን የሚሸጡበት ቀን የታይትል ድርጅቱ ሊኑ አልተነሳም ብሎ ክሎዚንጉን ያቆመዋል።