የማስተማር ፍልስፍና ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

«የማስተማር ፍልስፍናሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ነይ» አሉኝ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ኬጂ ለመቀጠር ሳመለክት ነው። መምህር ልጆችን እንዴትና ለምን እንደሚያስተምር ራሱ የሚጽፈው ወረቀት ማለታቸው ነው። አራት ገጽ ጽፌ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ሁለት መስመር አነበቡና ወረቀቱን አስቀመጡት። «ጠዋት በር ላይ እናቱን አለቅም ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» አራቱም ገጽ ውስጥ መልሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም ጽሑፍ አይቻለሁ። የምንሳሳተው እዚያው እዚያው ላይ ነው።

ትልቅ ስም መጥራት። ሁላችንም «በሞንቴሶሪ ዘዴ አምናለሁ» ብለን እንጀምራለን። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ፣ ድሃ ሰፈር ነው። ዘዴዋ ዕቃው በልጁ ቁመት ልክ እንዲቀመጥ፣ ልጁም ራሱ አንስቶ እንዲሠራበት ይፈልጋል። እኛ ጋ መጫወቻው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ቢሮ ነው፤ እንዳይሰበር! እንዲህ ከሆነ ስሟን ባናነሳው ይሻላል።

የወላጅን ጥያቄ የራስ እምነት አድርጎ መጻፍ። ከባዱ ይሄ ነው። ወላጅ ማታ ልጁን ሲወስድ «ፊደል የት ደረሰች?» ይላል። አልፈርድበትም፤ ከፍሏል። እኛም «ልጆች ቶሎ አንብበው እንዲጽፉ አደርጋለሁ» ብለን እንጽፋለን። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ በዜማ ይወርዳቸዋል፣ መሐል ላይ አንዷን ብታሳዩት ግን ዝም ይላል።

እስከ መቶ በዘፈን የሚቆጥር ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን ስድስት ቆርኪ አጠጋግቼ ደረደርኩለት። ቆጠረ፤ ስድስት። እያየኝ አራራቅኳቸው። «አሁንስ?» ስለው «በዛ!» አለኝ። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ፒያዤ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ከጻፈ ቆይቷል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ቆርኪውን በእጁ ሲያጠጋ፣ ሲያርቅ፣ ደግሞ ሲቆጥር መክረም ነበረበት። ለእናቱ ይህንኑ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፊደል መጠየቅ ተዉ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ግን ቆርኪ ማጠራቀም ጀመሩ።

ቋንቋን መርሳት። ሐዋሳ ላይ አንድ ምንጣፍ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ አብረው ይቀመጣሉ። አንዲት አዲስ ልጅ «ዋ» እያለች ትመጣብኛለች። የምታስፈራራኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ሞግዚቷ ናት ያዳነችኝ፦ «ቲቸር፣ ውሃ እኮ ነው የምትልሽ!» ለካ በሲዳምኛ ውሃ ማለት ነው። ልጅቷ ጠምቷት እኔ እስቃለሁ። ዛሬ ወረቀቴ ላይ «በየልጁ ቋንቋ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ያመኛል የሚሉትን ቃላት በመጀመሪያው ሳምንት እማራለሁ» የሚል መስመር አለ።

«በጨዋታ አስተምራለሁ» ብሎ ማለፍ። የቱ ጨዋታ? ምን ሊማሩበት? አንድ ምሳሌ ጻፉ፣ በቃ።

አንዴ ጽፎ መተው። ከላይ ቀን አስፍሩበት፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ አውጥታችሁ አንብቡት። የማይሆነውን ሰርዙ፣ ግን አትቅደዱት። የእኔ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ልጆች ጸጥ ብለው እንዲያዳምጡ አደርጋለሁ» የሚል አለ። በአንድ ቀጭን መስመር ነው የሰረዝኩት፤ እስካሁን ይነበባል።