ሽቶ ቶሎ ለሚጠፋባችሁ

ጠዋት የተቀባችሁት ሽቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ድራሹ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሻወር ወስዳችሁ እንደወጣችሁ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በጣም ስስ አድርጋችሁ አንገታችሁንና የእጅ አንጓችሁን ቀቡ። የክርን መታጠፊያ ውስጡም ጥሩ ቦታ ነው። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ሁለት ጊዜ ርጩበትና ተዉት። አንጓን ከአንጓ ማሸት የለም!

ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው። አልኮሉ ወዲያው ይተናል፤ የሚቀረው መዓዛ ደረቅ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው ስለሌለ ተከትሎት ይሄዳል። ቅባት ካገኘ ግን ትነቱ ይዘገያል። በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ በጥር ደረቅ አየር፣ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። የሎሚና የብርቱካን ዓይነት ሽታዎች በተፈጥሯቸው በራሪ ስለሆኑ ከነሱ ተአምር አትጠብቁ። እንደ ኡድና ሰንደል ያሉ የእንጨት መዓዛዎች ደግሞ ድሮም የሚቆዩ ናቸው፤ እነሱን በቫዝሊን ማጠናከር ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው መቅጣት ነው።

ነጠላ ወይም ነጭ ሸሚዝ በሚነካው ቦታ ግን አትቀቡ፣ ቅባቱ ልብሱን ያበላሻል። የተፈጥሮ ቤርጋሞት (የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት ያለበትን ሽቶም ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ባትረጩ ይሻላል፤ አንዳንዱ ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ብዙ ጠርሙስ ያላችሁ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ወይም መስኮት ላይ አትደርድሩት። ሙቀትና ብርሃን ሽታውን ይለውጡታል፤ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።