የአማርኛ ገጾቻችን ከጎግል ፍለጋ የሚጠፉባቸው ስህተቶች

በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ድረ ገጽ ሥራ ከጀመረ ወራት አልፈው በፍለጋ ውጤት የሚገኘው እንግሊዝኛው ብቻ ሲሆን፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ «ጎግል አማርኛ አያውቅም» ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው መደምደሚያ ነው። ጎግል የአማርኛን ጽሑፍ ለይቶ ያነባል፣ በማውጫውም ይመዘግባል፤ ችግሩ በአብዛኛው ያለው የአማርኛው ገጽ የራሱ አድራሻ ስለሌለው ወይም ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ ነው።

ምርመራ ሳያደርጉ ጥገና መጀመር ሁለተኛው ስህተት ነው። ገጹን ጎግል ጭራሽ አላገኘውም? አግኝቶት ሳይመዘግበው ቀረ? ወይስ መዝግቦት ሳለ በምትኩ እንግሊዝኛውን ያሳያል? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። በሰርች ኮንሶል (ጎግል ለጣቢያ ባለቤቶች ባዘጋጀው መሣሪያ) የአንዱን የአማርኛ ገጽ ሙሉ አድራሻ አስገብቶ መመርመር፣ ገጹ መመዝገቡን፣ ካልተመዘገበም ምክንያቱንና ጎግል እንደ ዋና ቅጂ የቆጠረው የትኛውን አድራሻ እንደሆነ ያሳያል። በጎግል ሳጥን ውስጥ የጣቢያውን ስም ጽፎ የሚገኘውን ዝርዝር መቁጠር ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ዝርዝሩ የተመዘገቡትን ገጾች በሙሉ ላያካትት ይችላል።

ወደ አሠራሩ ስንገባ ከሁሉም የከፋው ለሁሉም ቋንቋዎች አንድ አድራሻ መጠቀም ነው። አንባቢው «አማርኛ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ጽሑፉ በጃቫስክሪፕት (በብራውዘሩ ውስጥ በሚሠራ ኮድ) ይቀየራል፣ ምርጫውም በኩኪ (ብራውዘሩ በሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ) ይቀመጣል፤ በአድራሻው መስመር ላይ ግን አንዲት ፊደል አትለወጥም። የጎግል አሳሽ ሮቦት ቁልፍ አይጫንም፣ ኩኪም ከገጽ ወደ ገጽ ይዞ አይዞርም፤ ስለዚህ የሚያየው መጀመሪያ የሚከፈተውን ቋንቋ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ በንዑስ ማውጫም (ለምሳሌ example.com/am) ሆነ በንዑስ ዶሜይን (ለምሳሌ am.example.com) የራሱ ቋሚ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ የቋንቋ መምረጫውም ወደዚያ አድራሻ የሚወስድ ተራ ሊንክ መሆን አለበት። ገጹን በአንባቢው ብራውዘር ላይ በቅጽበት የሚተረጉሙ ተሰኪዎችም ከዚህ ስህተት አያድኑም፤ ትርጉሙ በሰርቨሩ ላይ የራሱ አድራሻ ኖሮት ካልተቀመጠ ለፍለጋ የሚመዘገብ ነገር የለም።

አድራሻዎቹ ተለያይተው እንኳ ጎብኚውን ባለበት አገር እየለዩ በግድ ወደ አንዱ ቋንቋ የሚያዞሩ ጣቢያዎች አሉ። ይህ ስህተት በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚፈትሸው ባለሙያ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። የጎግል ሮቦት በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ አድራሻዎች ነው፣ የቋንቋ ምርጫውንም ለሰርቨሩ አያሳውቅም፤ ስለዚህ የአማርኛውን በር ባንኳኳ ቁጥር ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ዋሽንግተን ሆኖ አማርኛ ማንበብ የፈለገ ወገናችንም ዕጣው ያው ነው። ከማስገደድ ይልቅ በገጹ ራስጌ ላይ «ይህን ገጽ በአማርኛ ያንብቡ» የሚል ሊንክ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሌላው፣ በየገጹ ኮድ ውስጥ ዋናውን ቅጂ የሚያመለክተውን የካኖኒካል ምልክት በሁሉም ቋንቋዎች ላይ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ማዞር ነው። ይህን ያደረገ ሰው ለጎግል «የአማርኛው ግልባጭ ነው፣ ተወው» ብሎ እንደ ነገረው ይቆጠራል። ትርጉም ግልባጭ አይደለም፤ የአማርኛው ገጽ የሚያመለክተው ራሱን ነው።

በቋንቋዎቹ ገጾች መካከል ያለውን ዝምድና የሚገልጸው ኤችሬፍላንግ (hreflang) የተባለው ምልክት ደግሞ፣ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2011 ካስተዋወቀው ጀምሮ ከጥቅሙ በላይ የሚጠበቅበት ነገር ነው። ሥራው የተመዘገቡ ገጾችን ለተገቢው አንባቢ መምረጥ እንጂ ያልተመዘገበን ገጽ ማስመዝገብ አይደለም። በአጻጻፉም በቀላሉ ይሳሳቱበታል፦ የቋንቋ መለያ በሚገባበት ቦታ «ኢቲ» (et) ብሎ የጻፈ ሰው ኢትዮጵያን ያለ ይመስለዋል፤ ይህ የአገር መለያ ሲሆን በቋንቋ መለያነቱ ግን ኢስቶንያኛ ነው። የአማርኛ መለያ «ኤኤም» (am)፣ የኦሮምኛ «ኦኤም» (om)፣ የትግርኛ «ቲአይ» (ti) ነው። በተጨማሪም ምልክቱ የጋራ ነው፤ አማርኛው ወደ እንግሊዝኛው አመልክቶ እንግሊዝኛው መልሶ ካላመለከተ ጎግል ሊተወው ይችላል።

በግእዝ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚያጋጥም ችግርም አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች እንዳሉ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፉ፣ ፎንቱ ላለው ዓይን አማርኛ ቢመስሉም ለጎግል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ናቸው። ጽሑፉን ገልብጦ በስልክ መልእክት ላይ መለጠፍ ወዲያውኑ ያጋልጠዋል። ማስታወቂያውን በምስል አድርጎ መለጠፍም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ለሙከራ ጊዜ የተቀመጠው «አትመዝግብ» (noindex) የሚል ትእዛዝ ተረስቶ መቅረቱ ቀላል፣ ግን የተለመደ ነው። እሱን ሲፈልጉ ሮቦቱ የትኞቹን ገጾች እንዳይከፍት የሚነግረውን የሮቦትስ ፋይልም (robots.txt) ይመልከቱ፤ ገጹ በዚያ ከታገደ ጎግል ትእዛዙ መነሳቱን እንኳ ሊያነብ አይችልም።

ሜኑውን ብቻ ተርጉሞ ዋናውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መተውም ገጹን አማርኛ አያደርገውም፤ ጎግል ቋንቋውን የሚለየው ከሚታየው ጽሑፍ እንጂ በኮዱ ከተጻፈው መለያ አይደለም። ማንም ሳያርመው በማሽን የተተረጎመ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ መጫን ደግሞ በአይፈለጌነት ሊያስፈርጅ ይችላል፤ በሚገባ የታረሙ ሃያ ገጾች ይሻላሉ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የሁሉንም ቋንቋዎች ገጾች አድራሻ የሚዘረዝር፣ ሳይትማፕ የተባለውን ፋይል ያስገቡ፣ ለዋና ዋናዎቹ ገጾችም በሰርች ኮንሶል ምዝገባ ይጠይቁ። ውጤቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚህ መካከል ተቻኩለው አድራሻዎቹን እንደገና አይቀይሩ፤ መቀየር ግድ ከሆነም አሮጌው አድራሻ በቋሚነት ወደ አዲሱ፣ ያውም ወደዚያው ቋንቋ ገጽ እንዲመራ ያድርጉ።